ዓመቴን የበላው ፔፐር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አውሮፓ የፊዚክስ ፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። የአንድ ቡድንን ውጤት በእኛ ላብ ለመድገም ዓመት ከአራት ወር ስታገል ከረምኩ። እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የእጄ ነው እያልኩ ብዙ ቀን አልቅሻለሁ። ባለፈው ወር ጆርናሉ የቡድኑን ፔፐር (የምርምር ጽሑፍ) ሰረዘው፤ ዳታው የተፈበረከ ነው ተባለ። አማካሪዬ «ሌላ ርዕስ ፈልጊ» ብሎኝ ዝም አለ። ዓመቴን ውሃ በላው ማለት ነው? እንዲህ የሚያደርግ ሰውስ መጨረሻው ምንድን ነው?
ላብ የሰለቻት

መልስ፦ እኅቴ፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። በ2002 (በፈረንጆቹ) ጀርመን የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ሥራዬ የያን ሄንድሪክ ሾን የሚባል ተመራማሪን ውጤት ለመድገም ክሪስታል ማሳደግ ነበር። ዱቄቱን የመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርገሽ ምድጃ ውስጥ ታስገቢዋለሽ፤ ጋዝ ቀስ እያለ ያልፍበታል። በማግስቱ ቀዝቀዝ ያለው ጫፍ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ክሪስታሎች ተጣብቀው ታገኛለሽ። በወረንጦ ስትነኪያቸው ይሰበራሉ። ከተረፉ በላያቸው ላይ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ታለብሻለሽ። ከዚያ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ነው። ኤሌክትሪኩ ሽፋኑን ይበሳዋል፣ በቃ፣ አለቀ። 31 ናሙና አቃጥያለሁ።

የሾን ሽፋን ግን አይበሳም ነበር። በፔፐሩ ላይ ማለቴ ነው። ሾን ያኔ ትራንዚስተር በተፈለሰፈበት በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ የሚሠራ ወጣት ጀርመናዊ ነበር። በ2001 በአማካይ በየስምንት ቀኑ ስሙ ያለበት አንድ ፔፐር ይወጣ ነበር። በስምንት ቀን! እኔ በስምንት ቀን ምድጃውን እንኳ በቅጡ አላጸዳም።

የተያዘው በኖይዝ ነው፤ ማለትም ማንኛውም ልኬት ላይ በዘፈቀደ በሚታየው ትንንሽ መዋዠቅ። በጣም የተለያየ ሙቀት ላይ ተለኩ የተባሉ ሁለት ሙከራዎች ኖይዛቸው ቁርጥ አንድ ሆኖ ተገኘ። የዛሬውና የነገው እንጀራሽ ዓይኑ አንድ በአንድ ቢገጥም ምን ትያለሽ? ሾን «በስህተት አንዱን ግራፍ ሁለቴ ልኬ ነው» አለ። ያው ኖይዝ ሦስተኛ ፔፐር ላይ ተገኘ።

የስታንፎርዱ ማልኮም ቢዝሊ የመሩት ኮሚቴ በመስከረም 2002 ከ24 ክሶች 16ቱ ማጭበርበር ናቸው አለ። ጥሬ ዳታው የት አለ ሲባል፣ ኮምፒውተሩ ቦታ ስለሌለው አጠፋሁት። የላብ ደብተርስ? በወጉ የተያዘ የለም። ናሙናዎቹ? ተበላሽተዋል። ወዲያው ተባረረ። «ሳይንስ» የተባለው ጆርናል 8፣ «ኔቸር» የተባለው ደግሞ 7 ፔፐሮቹን ሰረዙ። የኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ በ2004 የዶክትሬት ዲግሪውን ነጠቀው፤ ያውም በዲግሪ ጽሑፉ ላይ ማጭበርበር ሳይገኝ። እስከ ጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ2014 ተረታ። ፔፐሮቹ ላይ አብረውት የፈረሙት ተመራማሪዎች ግን በሙሉ ከማጭበርበር ነፃ ተባሉ። ይሁን። ግን አንድም ቀን አጠገቡ ቆሞ ሲለካ ያላየ ሰው ምን ብሎ ነው የሚፈርመው? እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ወደ አንቺ ልመለስ። «ሌላ ርዕስ ፈልጊ» ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም። ለአማካሪሽ በኢሜይል ጻፊለት፤ በቃል እንዳይቀር። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ የባከነውን ጊዜ የሚያካክስ ማራዘሚያ፤ ፔፐሩ የተሰረዘበትን ማስታወቂያም አያይዢ። ሁለተኛ፣ ያልሠራው ሥራሽ አንድ ምዕራፍ እንዲሆን። ስንት ናሙና፣ ምን ያህል ውፍረት፣ በስንት ቮልት እንደተበላሸ። ደብተርሽ ላይ አለ አይደል? ሾን ማቅረብ ያቃተው እሱን ነው።

የእኔ 31 ናሙናዎች የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ሆኑ። ፈታኙ ሌላውን እያገላበጠ አልፎ እዚያ ገጽ ላይ ቆመ። «22ኛው ለምንድን ነው ከሌሎቹ ዘግይቶ የተበሳው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አሁንም አላውቅም።