መሃሏን ድንበር ስለሚያልፍባት የሆፍ አካባቢ መንደር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። ባለቤትሽ ጀርመን ውስጥ ሆፍ አካባቢ ሥራ አግኝቶ ልትዛወሩ ነው። ካርታ ላይ ስትፈልጊ ሞድላሮይት የምትባል ሚጢጢ መንደር አየሽ፤ የክልል ድንበር መሃሏን ሰንጥቋት ያልፋል። «የካርታ ስህተት ነው ወይስ ታሪክ አለው?» ብለሻል። ስህተት አይደለም። ሆፍ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፣ መንደሯንም ደጋግሜ አይቻታለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሆፍ የባየርን ክልል ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ ናት። ጀርመኖቹ ራሳቸው አካባቢውን «የባየርን ሳይቤሪያ» ይሉታል፤ ብርዱ አይጣል ነው፣ ደህና ጃኬት ያዢ። ከከተማዋ ወጥተሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትነጂ ጉብታ ጉብታ ያለ የእርሻ አገር ይመጣል፣ ማሳ፣ ጥድ፣ ደግሞ ማሳ። ሞድላሮይት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። የሚኖርባት ሰው ሃምሳ ቢሆን ነው። በመሃሏ ታንባህ የሚባል ጅረት ወደ ዛለ ወንዝ ይወርዳል።

ጅረት ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ሐምሌ ላይ ይዤው የሄድኩት ልጄ፣ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ አንድ እግሩን ወዲህ ሌላውን ወዲያ አድርጎ ቆሞበታል። አንዱ እግሩ ባየርን፣ አንዱ እግሩ ጎረቤቱ ክልል ቱሪንገን። ያቺን ውሃ ነው የሁለት ዓለም ድንበር ያደረጓት። እዚያ ቆሜ ሳስበው አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይሄ ነው። ድንበሩ ከቀዝቃዛው ጦርነት በፊትም ነበረ። በ1810 የባይሮይት ግዛት ወደ ባየርን ንጉሣዊ መንግሥት ሲገባ ጅረቱ በባየርንና ኋላ ቱሪንገን ውስጥ በገባው ሮይስ በሚባል ትንሽ የመሳፍንት ግዛት መካከል ወሰን ሆነ፤ የድንበር ድንጋይም ተተከለ። ድንጋዮቹ ዛሬም አሉ። በአንደኛው ጎን የባየርን መንግሥት፣ በሌላው ጎን የሮይስ ግዛት የመጀመሪያ ፊደላት ተቀርጸውባቸዋል። በጣትሽ ብትዳስሺው ፊደሉ ይሰማሻል።

ያ ድንበር ከመቶ ዓመት በላይ ማንንም አላስቸገረም። ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ ቱሪንገን በኩል ነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ባየርን በኩል ቶፐን የምትባል ጎረቤት መንደር ነው። ልጆቹ አብረው ይማራሉ፣ አባቶቹ አብረው ቢራ ይጠጣሉ፣ እሁድ ሁሉም ወደ ቶፐን ይሄዳል። ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ። ሰው «እነሱ ድሮም ሁለት ነበሩ እኮ» ሲል የምናደደው ለዚህ ነው። በወረቀት ሁለት፣ በኑሮ አንድ ነበሩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቱሪንገን ለሶቪየቶች፣ ባየርን ለአሜሪካኖች ደረሰ። በ1949 ሁለት ጀርመኖች፣ ቱሪንገን ያለበት ምሥራቅና ባየርን ያለበት ምዕራብ፣ ሲመሠረቱ መንደሯ ባለችበት ሁለት አገር ሆነች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈቃድ ይዞ መሻገር ይቻል ነበር። በ1952 ነው ሁሉም ነገር የተበላሸው። ምሥራቅ ጀርመን ድንበሩን ዘጋች። አምስት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ክልከላ፣ ከዚያ ውስጥ 500 ሜትር ሌላ ክልከላ፣ ድንበሩ ጥግ ላይ ደግሞ አሻራ እንዲታይበት የታረሰ 10 ሜትር መሬት። «አይታመኑም» የተባሉ ቤተሰቦች በድንገት ከቤታቸው ተነቅለው ወደ መሃል አገር ተወሰዱ። ለዚህ ሥራ የሰጡት ስም «ተባይ» የሚል ነበር፤ ሰውን ነው እንግዲህ። መንደሯ መሃል የእንጨት አጥር ቆመ፣ ከዚያ ሽቦ፣ በ1966 ደግሞ 700 ሜትር የሚረዝም፣ ከሦስት ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ። የበርሊን ግንብ ከተሠራ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አሜሪካኖች «ትንሿ በርሊን» ያሏት ከዚህ የተነሳ ነው።

አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ ስማር በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት እናት እንከባከብ ነበር፣ አሁን አርፈዋል። ምዕራብ በኩል ካለ ሌላ መንደር ነበሩ፣ አክስታቸው ግን ሞድላሮይት ላይ ምሥራቅ በኩል ቀረች። ልጅ ሳሉ እሁድ እሁድ ከእናታቸው ጋር እየመጡ አክስታቸው ልብስ ስታሰጣ ከማዶ ያዩ ነበር። እጅ ማውለብለብ ግን የለም። ከምሥራቅ በኩል ያለ ሰው መልሶ ሰላም ቢል የሚቀጣው እሱ ነው፣ ስለዚህ ለእሷ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ይቆማሉ። ግንቡ ከተሠራ በኋላ የሚታየው ጣራውና የጭስ ማውጫው ብቻ ሆነ። «ጭስ ካየን ደህና ናት ብለን እንመለሳለን» አሉኝ። ይህንን ሲነግሩኝ እግራቸውን እያጠብኩ ነበር። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዝም ብዬ ሳዳምጥ ቆየሁ።

ምዕራብ በኩል ያሉት ግን በራሳቸው በኩል እስከ ድንበሩ ድረስ በነፃነት ይመላለሱ ነበር፤ አገር ጎብኚ በአውቶቡስ እየመጣ ግንቡን ያያል። ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳሉ በ1983 መጥተዋል። ግንቡን ሊሻገሩ ሞክረው የተያዙ አሉ። በ1973 አንድ ሰው መሰላል አስደግፎ ማለፍ ችሏል።

ኖቬምበር 9 ቀን 1989 የበርሊን ግንብ ሲከፈት እዚህ ወዲያው የተከፈተ ነገር የለም። የመንደሯ ሰው በቴሌቪዥን በርሊኖች ሲተቃቀፉ እያየ የራሱ ግንብ እንደቆመ ነበር። ሻማ ይዘው ጠየቁ፣ ለመኑ። የእግረኛ መተላለፊያ የተከፈተላቸው ዲሴምበር 9 ነው፣ ልክ በወሩ። ለአርባ ዓመት ገደማ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ የነበረ ጎረቤትን ለማቀፍ አንድ ወር መጠበቅ ምን እንደሚመስል አስቢው። ጁን 17 ቀን 1990 ዶዘር መጥቶ ግንቡን አፈረሰ። መቶ ሜትር ያህሉን ለማስታወሻ አስቀሩት፣ በዚያው ዓመትም ሙዚየም ተቋቋመ። የጥበቃ ማማውና የብረት አጥሩ ሜዳ ላይ እንዳሉ ናቸው። ስትሄዱ ግንቡን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፣ ወደ ጅረቱ ውረዱና ድንጋዮቹን ፈልጉ። አውቶቡስ አልፎ አልፎ ነው፣ መኪና ያስፈልጋችኋል።

ዛሬስ አንድ ሆናለች ወይ ብትይ፣ በአስተዳደር አልሆነችም። የባየርኑ ግማሽ የቶፐን፣ የቱሪንገኑ ግማሽ የገፌል ከተማ አካል ነው። የፖስታ ቁጥሩ አንዱ 95183፣ አንዱ 07926። የስልክ መነሻው ይለያያል፣ የመኪናው ታርጋ ይለያያል። ባየርን በኩል «ግሩስ ጎት» ይሉሻል፣ ቱሪንገን በኩል «ጉተን ታግ»። እኔ መጀመሪያ ቀን ተምታቶብኝ ያገኘሁትን ሁሉ «ሃሎ» እያልኩ አለፍኩ። ሰዉ ግን አብሮ ነው የሚያከብረው፣ አብሮ ነው የሚጠጣው፣ ያንን በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ የሚጠቅማችሁ ነገር ልጨምር። የበዓል ቀኖችም በክልል ይለያያሉ። ኦክቶበር 31 ቱሪንገን ዝግ ነው፣ ባየርን ሥራ ነው። ኖቬምበር 1 ደግሞ በተቃራኒው። ጃንዋሪ 6 ባየርን በዓል ነው፣ ቱሪንገን ግን አይደለም። የእኛ ገና አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 7 ስለሚውል ዋዜማውን እቤት መዋል ትልቅ ነገር ነው፤ ዶሮውን ተረጋግተሽ ትሠሪያለሽ። ስለዚህ ባለቤትሽ ውሉን ከመፈረሙ በፊት የሥራ ቦታው ከጅረቱ ወዲህ ይሁን ወዲያ በደንብ ይይልሽ።