ኤሲው ከሞተ ኪራይ አለመክፈል ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። የአፓርታማችን ኤሲ ከሞተ ሳምንት ሊሞላው ነው። ማኔጅመንቱ ጋ ስደውል «ዕቃው ታዟል፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ» ይሉኛል። ቤቱ ማታ እንኳ ከ96 ዲግሪ ፋራናይት አይወርድም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን አሉ፤ ደም ግፊት አለባቸው። የሚመጣውን ወር ኪራይ ባልከፍል ያስወጡኛል?

መልስ፦ ከሕጉ በፊት እናትዎ ይቅደሙ። ዛሬውኑ ኤሲ ያለው ዘመድ ቤት ይውሰዷቸው። ቤት እንዲህ ከጋለ ቬንትሌተር አያድንም። ግራ ከገባቸው ወይም ንግግራቸው ከተወላገደ 911 ይደውሉ።

ወደ ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ሐምሌ 2024 ቬጋስ 120 ዲግሪ ገብታለች፤ እዚህ ከተማ ኤሲ ቅንጦት አይደለም። የኔቫዳ የአከራይና ተከራይ ሕግ (118ኤ.380) ኤሲን ከውሃና ከመብራት እኩል ያስቀምጠዋል። ችግሩ እርስዎ እስካሁን ስልክ ብቻ ነው የደወሉት። ሕጉ የሚለው የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። የመጠገኛ ሰዓቱም መቆጠር የሚጀምረው አከራዩ ወረቀቱ ሲደርሰው ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ ይጻፉ። ኤሲው የቆመበትን ቀን፣ የቤቱን ሙቀት፣ በዕድሜ የገፉ ታማሚ እናት እንዳሉ ያስፍሩ። ቴርሞሜትሩን ፎቶ ያንሱ። ወረቀቱን ቢሮ ሲያስረክቡ በቅጂው ላይ ያስፈርሙ፤ እምቢ ካሉ በኢሜይልም ይላኩ። አከራዩ ለመጠገን 48 ሰዓት አለው፤ ቅዳሜ፣ እሑድና የሕዝብ በዓል አይታሰቡም። ዓርብ አመሻሽ የሰጡት ማክሰኞ አመሻሽ ይሞላል።

«ዕቃው ታዟል» የሚለው መልስ ውሸት ላይሆን ይችላል። ሕጉም ከልብ የጣረን አከራይ ያያል። ግን የትዕዛዙን ደረሰኝ ይጠይቁ። እስከዚያው ተንቀሳቃሽ ኤሲ እንኳ ካላመጣ፣ ጥረቱ የቱ ጋ ነው?

48 ሰዓቱ ካለፈ ኪራዩን ሳይከፍሉ መያዝ ይችላሉ፤ የዘገየበት ቅጣትም አይጨመርብዎትም። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ማስታወቂያውን ሲሰጡ ውዝፍ ኪራይ ሊኖርብዎት አይገባም። የያዙትን ገንዘብ ደግሞ አያጥፉት፤ በጀስቲስ ኮርቱ (የቤት ክርክር በሚያየው የአካባቢው ፍርድ ቤት) በኩል በአደራ ሒሳብ ማስገባት ይገባዎት እንደሆነ ይጠይቁ።  

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሌላውን መንገድ ነበር የምመርጠው። ሕጉ ጥገናው እስኪያልቅ ተመጣጣኝ ማረፊያ እንዲይዙ ይፈቅዳል። ለእነዚያ ቀናት የአፓርታማው ኪራይ ይቆማል፤ ማረፊያው ከኪራዩ በላይ ካስወጣዎት ልዩነቱን መጠየቅ ይችላሉ። የትልልቅ ሆቴሎች ጎዳና በሆነው ስትሪፕ ላይ ስዊት ይዘው ግን አይሆንም! ደረሰኞቹን ሁሉ ያስቀምጡ።

አከራዩ በማመልከትዎ ተናዶ ሊያስወጣዎት ቢሞክር ይህ ብቀላ ነው፤ ሕጉ ይከለክላል። ሆኖም በርዎ ላይ የ7 ቀን «ክፈል ወይም ውጣ» ወረቀት ከተለጠፈ «መብት አለኝ» ብለው ዝም እንዳይሉ። ኔቫዳ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀድሞ መልስ ማስገባት ያለበት ተከራዩ ነው። ካላስገቡ ሳይሰሙ ሊፈረድብዎት ይችላል። ዳውንታውን ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ያለው የሲቪል ራስ አገዝ ማዕከል ቅጹን በነፃ ይሰጥዎታል፤ ወረቀቱ በተለጠፈ ማግስት ይሂዱ።