የፊት ጥለቱ ለምን ይሰቀላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። ለመልሷ የምለብሰውን የሀበሻ ቀሚስ ራሴ ልስፋው ብዬ ተነስቻለሁ። እስካሁን የሰፋሁት መጋረጃና የትራስ ልብስ፣ ቢበዛ የልጄን ዩኒፎርም ነው። ጨርቁን ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄጄ ገዝቻለሁ፣ ከታች ሰፊ ጥለት አለው። ስለፈራሁ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሞከርኩት። እጄን ሳነሳ ቀሚሱ በሙሉ አብሮኝ ይነሳል። ብብቱን ወደ ታች ቆርጬ ሳሰፋው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። የፊቱ ጫፍም ከኋላው አጥሮ ይሰቀላል። ተስፋ ቆርጬ ለልብስ ሰፊ ልስጠው ወይስ ልቀጥል? ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ቀጥዪ እንጂ። ሸማውን ግን ገና አትንኪው። አቡጀዲው ልክሽ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ መቀስ አይቅረበው።

ከብብቱ እንጀምር። እጅ ሲይዘን ሁላችንም የሚታየን ቀዳዳውን ወደ ታች ማስፋት ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ቀዳዳው ወደ ታች በወረደ ቁጥር እጅጌው ከቀሚሱ ጎን ጋር የሚገናኝበት ቦታም አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ክንድሽን ስታነሺ የሚጎተተው እጅጌው ብቻ ሳይሆን ጎኑ በሙሉ ነው፣ ቀሚሱም ተከትሎሽ ይወጣል። አቡጀዲው ላይ ቁራጭ ቀጥለሽ ቀዳዳውን ወደ ላይ መልሺው። ከብብትሽ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል በቂ ነው። ክንድሽን የሚያጣብቅሽ ከሆነ ሰፋ ማለት ያለበት እጅጌው ራሱ ነው፤ የክንድሽን ወፍራሙን ቦታ ለኪና ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሪበት። ከዚያ መስታወት ፊት ቆመሽ እስክስታ ውረጂ። ቀልዴን አይደለም! መልስ ላይ ቆመሽ ፎቶ ብቻ አትነሺም። ትከሻሽ እንደልቡ ከተንቀሳቀሰና ወገቡ ከቦታው ካልተነሳ ጨርሰሻል።

ወደ ጥለቱ ስንመጣ፣ ፊቱ የሚያጥረው ደረት ጨርቅ ስለሚበላ ነው። ጨርቁ በደረትሽ ላይ ዞሮ ስለሚወርድ ከኋላው የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። ሌላ ቀሚስ ቢሆን ጫፉን አስተካክለሽ በማጠፍ ትገላገዪ ነበር። እዚህ ግን ጫፉ ላይ ያለው ጥለት ነው። ጥለት ደግሞ አይቆረጥም፣ አይታጠፍም፣ ትንሽ ከተንጋደደም ከሩቅ ያስታውቃል። ነጠላ ይሸፍነዋል የሚሉሽን አትስሚ፤ ጭፈራው ሲጀመር ነጠላው ወገብ ላይ ነው የሚታሰረው።

ስለዚህ የዚህ ቀሚስ ርዝመት የሚለካው ከታች ወደ ላይ ነው። ትርፉንም ጎደሎውንም የምታስተካክዪው ከወገብ በላይ ነው። የዕለቱን ጫማሽን አድርጊና አቡጀዲውን ልበሺ። ጥለቱ የሚያርፍበትን ቦታ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሪው። ከዚያ አንድ ሰው ከወለሉ እየለካ መስመሩ የት ላይ እንደሚነሳ ይንገርሽ፣ አንቺ ራስሽ ጎንበስ ብለሽ ካየሽ ልኩ ይበላሻል። ፊቱን ደረትሽ ላይ አግድም ሰንጥቂው። መስመሩ እስኪስተካከል ይወርዳል፣ ክፍተቱን በአቡጀዲ ቁራጭ ሙይው። ብዙ ጊዜ ሁለትም ሦስትም ሴንቲ ሜትር ነው። የፊቱ ጎን አሁን ከኋላው ጎን ስለሚረዝም፣ ትርፉን ከብብት ስር ወደ ጡት በምታመለክት ትንሽ እጥፋት ያዢው። ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ አቡጀዲውን ፍቺና ሸማው ላይ አስቀምጠሽ በእሱ ልክ ቁረጪ።

ከመቁረጥሽ በፊት ግን ሸማውም ገበሩም ውሃ ይንካቸው፣ ጥጥ ስለሆኑ ይሰበሰባሉ። የጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ ጥጉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን ብለሽ እዪው። ከለቀቀ ማጠቡን ተዪው፣ ከጀርባው በእንፋሎት ተኩሺው። አብረቅራቂ ክር ካለበት ካውያው ቀዝቀዝ ይበል፣ በላዩም ጨርቅ ጣል አድርጊ።

ሸማ ልል ነው፣ በቆረጥሽው ቅጽበት ክሩ መፈታት ይጀምራል። ለስፌት 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ፣ ጠርዙንም ሳትውዪ ሳታድሪ ዘምዝሚው። ገበሩን ከሸማው በትንሹ ጠበብ አድርጊው፤ ስትቀመጪ የሚወጠረው ገበሩ ይሁን እንጂ ሸማው አይሁን። አለበለዚያ ዳሌሽ ላይ ስፌቱ ይከፈታል፣ ያንን መጠገን ደግሞ ከባድ ነው። ጉርዱን ከላይኛው ክፍል ጋር ከማያያዝሽ በፊት አንድ ሌሊት ሰቅለሽ አሳድሪው። የሚረዝም ከሆነ ያኔ ይርዘም።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ ቀሚስ ከኋላ ዚፑ አካባቢ እየተቀደደ ነው። የተቀደደው ዚፑ ሳይሆን ሸማው ነው። ወደ ጎን ላዙረው? ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ብታዞሪውም ያው ነው፣ ጎኑም ሸማ ነው። ዚፑን ፍቺው። በሁለቱም በኩል ከውስጥ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ስፊበት፣ ከዚያ ዚፑን መልሺው። መርፌሽ ቀጭን ይሁን። በመኪና ካልደፈርሽ በእጅ ሥሪው፣ ግን መርፌውን በየስፌቱ ወደ ኋላ እየመለስሽ። ዘልለሽ ዘልለሽ ከወጋሽው ቀሚሱን ገና ስትለብሺው ይላቀቃል። እናትሽ ሌላ ልትልክልሽ ከሆነ ደግሞ ልክሽን እንደ አዲስ ተለክተሽ ላኪላት፣ እንዲህ የሚቀደደው ብዙ ጊዜ ቀሚሱ ሲጠብ ነው።