ከማሽኑ በፊት ማሳው

ጥያቄ፦ «በኬሚስትሪ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዳማ ቤተሰቦቼ ጋ ነኝ። አባቴ ወንጂ አካባቢ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። የሚረጨው መድኃኒት አፈሩና ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀር የምመረምር ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ። ግን ኬሚካሎችን ለይቶ የሚለካውን፣ ጂሲ-ኤምኤስ የሚባለውን ማሽን ነክቼው አላውቅም። ማስተርስ ልጀምር ወይስ ሥራ ልፈልግ? (ኦሮምኛም እችላለሁ፣ የሚጠቅም ከሆነ።)»

መልስ፦ እህቴ፣ የማሽኑ ነገር አያስጨንቅሽ። የሚቀጥርሽ ላብራቶሪ በራሱ አሠራር ያሠለጥንሻል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምማረው ናሙና መውሰድ ነው።

ከራሴ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የወንዝ ውሃ በባዶ ሃይላንድ ቀድቼ፣ መኪናው ኋላ ወርውሬ፣ በቀትር ፀሐይ ይዤው መጣሁ። ውጤቱ «ምንም የለም» አለ። ደስ ብሎኝ ነበር። አለቃዬ ጠርሙሱን አይቶ ሳቀ። ለካ ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች ውሃ አይወዱም፤ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። የተረፈውን ሙቀትና ብርሃን ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው ቡናማ የመስታወት ጠርሙስና በረዶ ያለበት ሳጥን የሚያዘው። አንድ ንጹህ ውሃ የያዘ ጠርሙስም አብሮ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ተከፍቶ፣ ተዘግቶ ይመለሳል። እሱ ውስጥ መድኃኒት ከተገኘ ጥፋቱ የወንዙ ሳይሆን የአንቺ ነው።

መጠኑ ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለአንድ ፀረ ተባይ የሚፈቅደው በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። 1 ግራም በ10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ እንደማለት። የመርጫ ዕቃ የነካ ጓንት ብቻውን ውጤትሽን ገደል ይከተዋል።

አሁን ወደ አባትሽ ማሳ። ብዙ የኬሚስትሪ ምሩቅ የሌለው ነገር አለሽ። ምን ተረጨ፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ከምን ጋር ተቀላቅሎ? በደብተር ያዢ። ላብራቶሪ ያልፈለገውን አያገኝም። ለምሳሌ ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ለበሽታ የሚረጨውን ማንኮዜብ፣ ብዙ ኬሚካል ባንዴ የሚፈልገው የተለመደው ምርመራ አያየውም፤ ለብቻው ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። ይህን ለላብራቶሪው የሚነግረው ማሳውን ያየ ሰው ነው። ገበሬው ደግሞ እውነቱን የሚነግርሽ በቋንቋው ስታወሪው ነው። ኦሮምኛሽን በቅንፍ አትክተቺው፤ ሲቪሽ ላይ ከላይ ጻፊው።

አንድ ቀን አፈሩ ውስጥ ዲዲቲ ብታገኚ ቸኩለሽ አባትሽን አትጠርጥሪ። ለወባ ሲረጭ የኖረ ነገር ነው፣ አፈር ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ዲዲቲው በጊዜ ብዛት ሲሰባበር የሚወጣውን፣ ዲዲኢ የሚባለውን ኬሚካል ተመልከቺ። ከዲዲቲው በልጦ ከተገኘ አብዛኛው የቆየ ርጭት ነው። ዲዲቲው ከበለጠ ግን ቅርብ ጊዜ የረጨ ሰው ሊኖር ይችላል። ውሃ የምትቀጂበትን ቀንም ምረጪ። አፈር ላይ የተጣበቀው ወደ አዋሽ የሚወርደው ከጎርፍ ጋር ነው። በጥር የጠራ ውሃ ቀድተሽ «ንጹህ ነው» ብትዪ፣ የሰኔው የመጀመሪያ ዝናብ ያዋርድሻል።

ማስተርሱ ይቆይ። አንድ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ብትገቢ የጥናት ርዕስ ፍለጋ አትንከራተቺም። ሥራውን አበባና አትክልት ወደ ውጭ የሚልኩ ድርጅቶች ጋ፣ የምግብና የውሃ ጥራት ላብራቶሪዎች ጋ ሞክሪ። ላኪዎቹ የጨነቃቸው ናቸው፦ አውሮፓ የተለየ ገደብ ላላወጣለት ፀረ ተባይ በኪሎ ምርት 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው የሚፈቅደው። ላብራቶሪዎቹ የሚመዘኑበትን አይኤስኦ 17025 የሚባለውን መስፈርት አንብቢ፤ ደረቅ ነው፣ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ይመጣል። ከቤትሽ ብዙም የማይርቀውን የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልንም በነፃ ላገልግል ብለሽ ጠይቂ። ስትሄጂ የሦስት ወር የርጭት ማስታወሻሽን ያዢ።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ዙሪያሽን ቃኚ። የመድኃኒት ባዶ ጀሪካን ውሃ መያዣ ሆኖ ካገኘሽው፣ እናትሽ «ታጥቧል እኮ» ቢሉሽም ዛሬውኑ ብሺው።