የጠመንጃ ብረት ማጥቆር፦ ከጎንደር ጠጋኞች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ፈቃድ ኖሯቸው መሣሪያ ከሚጠግኑ ባለሙያዎች የመጡ ሲሆኑ፣ የሁሉም መነሻ በትኩስ ጨው፣ ማለትም ገንዳ ውስጥ በሚፈላ የኮስቲክ ሶዳና የሶዲየም ናይትሬት ድብልቅ፣ የጠቆረ ብረት ወጥ መልክ አለመያዙ ነው።

ከአዘዞ፦ ኮስቲክ ሶዳውንና ሶዲየም ናይትሬቱን በመመሪያው መጠን በጥብጬ ሲፈላ አፈሙዙን እነክረዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ቦታ ቦታውን ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ምን አጠፋሁ?

የአጠፉት ነገር የለም፤ ችግሩ የከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ንጹሕ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ በ140 ዲግሪ የሚፈላ ድብልቅም እኛ ዘንድ ወደ 132 ዲግሪ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ብረቱን በወጉ የሚያጠቁረው ሙቀት ደግሞ ከ140 እስከ 146 ዲግሪ ነው። ስለዚህ መፍላቱን ትተው ቴርሞሜትሩን ይመኑ። ሙቀቱ ካነሰ ውኃው ተንኖ እስኪቀንስ ይጠብቁ፤ ከበዛ ደግሞ እጀታው በረዘመ ጭልፋ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ባንድ ጊዜ የተደፋ ውኃ ወዲያው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ኮስቲኩን ፊት ላይ ይረጫልና። መነጽርና ጓንት የሌለው ሰው ወደ ገንዳው ባይጠጋ ይሻላል። እሳቱ በገንዳው ርዝመት ሁሉ እኩል መዳረስ አለበት፤ አፈሙዙም ወለሉንና ግድግዳውን ሳይነካ በብረት ሽቦ ይንጠልጠል።

ከማራኪ፦ ያረጀ ምንሽር ሳጠቁር የጣት አሻራና ጭረት ጎልቶ ይታያል።

ጥቁሩ ልባስ ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ገደማ የማይበልጥ የብረት ኦክሳይድ ስለሆነ የሚሸፍነው ጉድለት የለም፤ እንዲያውም ያጎላዋል። ብርጭቆ ወረቀቱን ከሻካራው ወደ ልሙጡ እያሳለፉ፣ ሁሉንም ክፍል በአንድ ዓይነት ልስላሴና በአንድ አቅጣጫ ይጨርሱ፤ የመለያ ቁጥሩ ግን እንዳይፋቅ። ከዚያ ቅባቱን በትኩስ ማጠቢያ ያስለቅቁና ውኃ ያፍስሱበት፤ ውኃው ጠብታ ጠብታ ሳይሠራ ብረቱን ሙሉ በሙሉ ካለበሰው ቅባቱ ለቋል። በባዶ እጅ ሳይነኩት ወደ ገንዳው ያስገቡት።

ከፒያሳ፦ አፈሙዙ ሲጠቁር የመቀባበያው ቤት ወይን ጠጅ መልክ ያዘ።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በውስጡ ሲሊኮን የበዛበት ቀልጦ የተቀዳ ብረት ወይም በሙቀት የጠነከረ ብረት መሆኑ ነው። አሮጌውን ልባስ አስለቅቆ ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ በመለወጥ መሞከር ይቻላል፤ ሆኖም አንዳንዱ ብረት ፈጽሞ አይጠቁርም። በእኔ አስተያየት ይህን ለባለቤቱ መንገር የሚገባው ዋጋ ከመነጋገር በፊት ነው።

ከአራዳ፦ ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃስ?

ወደ ገንዳው አያስገቡት። አፈሙዞቹ በስታኞ (በቀላሉ በሚቀልጥ የብየዳ ብረት) የተያያዙ ከሆነ ኮስቲኩ ስታኞውን በልቶ ያለያያቸዋል፤ አልሙኒየም ካለበትም ይሟሟና ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ይወጣል። ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ቀስ ብሎ እያዛገቱ፣ ዝገቱን በፈላ ውኃ ወደ ጥቁር የመለወጡ ዘዴ ተስማሚ ነው።

ከአዘዞ፣ ሌላ ጠያቂ፦ ከሳምንታት በኋላ በብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ብቅ አለ።

በመጋጠሚያው ውስጥ የቀረ ጨው ነው። መሣሪያውን ፈታተው በንጹሕ የፈላ ውኃ በደንብ ይቀቅሉት፤ ሲደርቅም ዘይት ይቀቡት። ሳይታጠብ ዘይት ብቻ ቢደርቡበት ጨው የቀረበት መጋጠሚያ ከሥር መዛጉን ይቀጥላል።