ከባህር ዳር ሆኖ ለስማርት ኢነርጂ ድርጅት ፍሮንትኤንድ መሥራት፦ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ከፖሊ ተመርቀሻል፣ ሪአክት (የድረ ገጽና የአፕ ስክሪን መሥሪያ የኮድ መሣሪያ) ትችያለሽ፣ አንድ የውጭ አገር ስማርት ኢነርጂ ድርጅት ለፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን ክፍል ለመሥራት) ቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። «ስለ ኤሌክትሪክ ግን ምንም አላውቅም፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ተቀምጬ ጀርመን አገር ላለ ተመሳሳይ ድርጅት ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ግቢበት። ግን የሚጠብቅሽን አውቀሽ ግቢ።

መጀመሪያ ሥራው ለምን እንዳስፈለገ ልንገርሽ። እኛ ጎረቤታችን ጣና በለስ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው። ውሃው ሐይቁ ውስጥ ይጠብቃል፣ ሲፈለግ ይለቀቃል። ፀሐይና ነፋስ ግን አይጠብቁም። ጀርመን ውስጥ ብዙ ኃይል ከእነሱ ስለሚመጣ የገበያው ዋጋ ቀኑን ሙሉ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ ድርጅቶቹ የጣሪያውን ሶላር፣ የቤቱን ባትሪ፣ የመኪናውን ቻርጀርና ቆጣሪውን አገናኝተው «አሁን ሙላ፣ አሁን ሽጥ» የሚል ሶፍትዌር ይሠራሉ። ያንቺ ድርሻ ደንበኛው የሚያየው ስክሪን ነው።

ሪአክቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ስክሪኑ እንዳይዋሽ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ላሳይሽ። አንድ ደንበኛ ፀሐይ ወለል ብላ ወጥታ ሳለ የሶላሩ ግራፍ ድንገት ዜሮ ላይ ወደቀበት። ተበላሸ ብሎ ቴክኒሻን ጠራ። ቴክኒሻኑ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም። የተቋረጠው የቤቱ ዋይፋይ ነበር። ዳታ ሳይደርስ ሲቀር ኤፒአዩ (ዳታውን ከሰርቨር ወደ ስክሪኑ የሚያደርሰው መገናኛ) ባዶ ይልካል፤ የግራፉ ኮድ ደግሞ ያንን ባዶ ዜሮ አድርጎ ይስለው ነበር። «ኃይል የለም» እና «ምን እንዳለ አላውቅም» በጭራሽ አንድ አይደሉም። በኋላ መስመሩ እዚያ ቦታ ላይ ተቆርጦ ክፍት እንዲሆን አደረግን። ከላዩ ደግሞ «የመጨረሻው መረጃ የደረሰን ከ40 ደቂቃ በፊት ነው» የሚል ጽሑፍ ገባ። ኮዱ ትንሽ ነው፤ ሰውየው ግን ለቴክኒሻን የከፈለው ያ ስላልነበረ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ግራፍ ሥሪ ካሉሽ፣ ገና ሳትጀምሪ «ዳታ ከጎደለ ምን ይታይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓትን ለይተሽ እወቂ። የእንጀራ ምጣድሽ 3.5 ኪሎዋት ይስባል እንበል፤ ይሄ በዚያች ቅጽበት የሚወስደው ነው። ግማሽ ሰዓት ከጋገርሽበት 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ፤ ካርድ ቆጣሪው የሚቀንስብሽ ይሄን ነው። ሁለቱን አንድ ግራፍ ላይ ያቀላቀለ ዲዛይን ቢሰጥሽ ዝም ብለሽ አትሥሪው፤ መልሰሽ ጠይቂ።

ሌላው ራስ ምታት ሰዓት ነው። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ይቀይራሉ። ቆጣሪው በየ15 ደቂቃው ከመዘገበ በቀን 96 ነጥብ ይኖርሻል። በፈረንጆቹ መጋቢት መጨረሻ፣ ሰዓት በሚቀየርበት እሁድ፣ አንድ ሰዓት ስለሚጠፋ 92 ይሆናል፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ 100። ያኔ ሌሊት ከሁለት እስከ ሦስት ያለው የእነሱ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። 96 ብሎ የተጻፈ ኮድ ያን ቀን ይሰበራል። ዳታውን በዩቲሲ (በማይቀየረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ያዢ፤ ሲታይ ብቻ ወደ ደንበኛው ሰዓት ቀይሪ። የራስሽም ፕሮግራም ይነካል፦ የእነሱ የጠዋት 9:00 ስብሰባ በበጋቸው ለኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው አምስት።

ዋጋም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ፀሐይና ነፋስ ሲበዙ የገበያው ዋጋ ኔጌቲቭ ይሆናል። ግራፍሽ ከዜሮ ጀምሮ ወደ ላይ ብቻ እንዳይሆን። የዓመት ዳታ ስታሳዪ ደግሞ በኤስቪጂ (እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው በሚይዝ የሥዕል ዓይነት) ሺህ ነጥቦች አትደርድሪ፤ ካንቫስ (ሁሉን እንደ አንድ ሥዕል የሚስል) ተጠቀሚ፣ የነጥቦቹንም ብዛት ቀድመሽ ቀንሺ።

አሁን ወደ እኛ ከተማ። መብራት ይሄዳል፣ ኔትም ይጠፋል። ይሄን ቡድንሽ ገና ከመጀመሪያው ይወቀው፤ ስትጠፊ ሰነፍ ከሚሉሽ ቀድሞ መናገር ይሻላል። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ግዢ። ከሁለት ኩባንያ ሲም ይኑርሽ። ሥራሽን በትንሽ በትንሹ ፑሽ አድርጊ (ወደ ቡድኑ የጋራ ኮድ ማከማቻ ላኪ)፤ ሙሉ ቀን የሠራሽው ላፕቶፕሽ ላይ ብቻ አይደር። ዲፔንደንሲዎቹ (ኮድሽ የሚፈልጋቸው የሌሎች ፓኬጆች) ሁሉ ቀድመው ወርደው ይቀመጡ። ስለ ክፍያ ብዙ አልልም፦ ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስሽ በጽሑፍ ይስጡሽ።

እንደኔ ቃለ መጠይቁ እስኪደርስ ሌላ ቲቶሪያል አትክፈቺ። አንድ ነገር ሥሪ። ኦፕን-ሜቲዮ የሚባለው አገልግሎት ለግል ልምምድ በነፃ፣ ያለ ቁልፍ፣ የፀሐይ ጨረር መረጃ በየሰዓቱ ይሰጣል። የባህር ዳርን ቦታ ስጪው፦ ኬክሮስ 11.6፣ ኬንትሮስ 37.4። የሚያዝያንና የነሐሴን ቀን ጎን ለጎን ሳዪ፤ የክረምቱን ደመና ግራፉ ላይ ታይዋለሽ። ከዚያ ሆን ብለሽ የተወሰኑ ሰዓታትን ከዳታው አጥፊና ስክሪንሽ ምን እንደሚል እዪ። ስልክ ላይም ክፈችው፣ ቀስ ባለ ኔትም ሞክሪው። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከአሥር የተኮረጁ ድረ ገጾች ይልቅ ይሄን አንዱን ነበር የማየው። ስትጨርሺ ሊንኩን እዚሁ ለጥፊው፤ አይቼ አስተያየት እሰጥሻለሁ።