ጎረቤት ቤት ለምን ቀድሞ ይጮሃል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። አቶቴ አካባቢ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኳስ ማሳያ ቤቶች አሉ። የፍጻሜ ጨዋታ ቀን ማልያችንን ለብሰን፣ ከፍለን፣ ከብዙ ሰዓት በፊት ወንበር ይዘን እንጠብቃለን። ከዚያ እኛ ቤት ኳሱ ገና መሀል ሜዳ እያለ ጎረቤት "ጎልልል!" ብሎ ይናወጣል። ምን ቀረን ታዲያ? ባለቤቱ "ዲሹ ነው" ይለናል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ገብቶኛል። ያን ያህል የጠበቅከውን ጎል በጎረቤት ጩኸት መስማት ያማል።

ዲሹ ግን አይደለም። ዲሽ ሲዛነፍ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል እንጂ አይዘገይም። ሳተላይቱም ብዙ አያዘገይም፤ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም ሲግናሉ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ ወጥቶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጅበት። ጊዜ የሚበላው ምስሉ የሚያልፍበት ሥራ ነው። ከስታዲየሙ የወጣው ምስል ጣቢያው ይደርሳል፣ የኮሜንታተር ድምፅ ይገባበታል፣ እንዳይከብድ ይታመቃል፣ ያልከፈለ እንዳያየው ይቆለፋል፣ ከዚያ ነው ወደ ሳተላይት የሚላከው፤ ዲኮደሩ ደግሞ ያንን ሁሉ መልሶ ይፈታል። ሁለት ቻናሎች ይህን በእኩል ፍጥነት አይሠሩም። ስለዚህ ሁለቱም ቤቶች ዲሽ ቢኖራቸውም በጥቂት ሰከንድ ሊለያዩ ይችላሉ።

ልዩነቱ ከዚያ ከበለጠ ግን እኔ የምጠረጥረው ኢንተርኔትን ነው። በኢንተርኔት የሚመጣ ጨዋታ በትንንሽ ቁራጭ ተከፋፍሎ ነው የሚላከው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ምስሉ እንዳይቆም ጥቂት ቁራጮች አስቀድመው ይጠራቀማሉ፣ በዚህ የተነሳ 30 ሰከንድ፣ አንዳንዴም አንድ ደቂቃ ወደኋላ ትቀራለህ።

አንድ ደቂቃ ቀላል እንዳይመስልህ። ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት አርጀንቲናና ፈረንሳይ ኳታር ላይ ለዓለም ዋንጫ ሲጫወቱ አስታውስ። አርጀንቲና 2 ለ 0 እየመራች 80ኛው ደቂቃ ላይ ምባፔ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፣ በ97 ሰከንድ ልዩነት ደግሞ ሁለተኛውን ደገመ። አንድ ደቂቃ በሚዘገይ ስልክ ያይ የነበረ ሰው፣ ጎረቤቱ በአቻነቱ ጎል ሲያብድ እሱ የመጀመሪያውን ካየ ገና 37 ሰከንዱ ነበር። ጨዋታው 3 ለ 3 አልቆ መለያ ምት ሲመጣ ደግሞ አስበው፦ መቺው ኳሱን ገና ሳያስቀምጥ ውጤቱን በግድግዳ በኩል ትሰማለህ! ከፍለህ፣ ልብህ ተሰቅሎ፣ ያቺን አንዲት ሰከንድ ስትቀማ እኔ ራሴ እናደዳለሁ።

ባለቤቱን አንድ ነገር ጠይቀው፤ ጨዋታው የሚመጣው ከዲኮደር ነው ወይስ ከኢንተርኔት? ኢንተርኔት ከሆነ ለፍጻሜ ቀን እንኳን ዲኮደር እንዲያመጣ ለምኑት። ሁለቱም ቤት ዲኮደር ካለ ደግሞ ጎረቤት የከፈተውን ያንኑ ቻናል ይክፈትላችሁ። ከፍጻሜው በፊት በሌላ ጨዋታ መሞከርም ይቻላል። አንተ ጎረቤት ቤት በር ላይ ቁም፣ ጓደኛህ እናንተ ቤት ይቀመጥ፣ ስልክ ተደዋውላችሁ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የጨዋታ ሰዓት አነጻጽሩ። የቴሌግራምና የውጤት አፕ ኖቲፊኬሽንም አጥፉ፣ እነሱም ቀድመው ይናገራሉ።

ባለቤቱ እምቢ ካለ የፍጻሜው ቀን በጊዜ ሂድና ጎረቤት ቤት ወንበር ያዝ፣ ለጓደኞችህም ጭምር።